ቀጥ ያለው ግድግዳ

በቀል የያዘ ሰው ፊቱን አጥቁሮ ይሄዳል የሚል ካለ፣ እሱ ተበቅሎ አያውቅም። እኔ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ፣ ጥርሴን እያሳየሁ ነው የሄድኩት።

ቱምቢ የአሮጌው ማማ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ቱምቢ ያልነው እኛው ነን፣ ድሮ አብረን ስንሠራ። ግንበኞች ግድግዳ መቅናቱን የሚያዩበት፣ ክር ላይ የሚንጠለጠል ብረት አለ አይደል? ልክ እንደሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጠረጴዛ ላይ የተጣመመ ወረቀት ካየ ሳያቃና አያልፍም። ያ አመሉ ነው እኔን የበላኝ።

ሲያየኝ ፊቱ ልውጥውጥ አለ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ምነው፣ ሞታለች ብለውህ ነበር?»

«ኧረ በስመ አብ! አጣሪዋ ትመጣለች ብቻ ነው ያሉኝ።»

«መጣቻ!»

እጁን ዘረጋልኝ፣ ጨበጥኩት። ሞቅ ያለ እጅ ነው፤ ድሮም እንደዚሁ ነበር። በዚህም ተናደድኩ።

ሥራችንን ለማያውቅ ላስረዳ። ቅርስ የተባለ አሮጌ ግንብ ሁሉ ከመጠገኑ በፊት ይለካል። ድሮ በሜትር ነበር፤ ዛሬ ስካነር የምንለው፣ መሀል ላይ ተተክሎ እየዞረ ጨረር የሚረጭ መሣሪያ አለ። ግድግዳውን፣ ስንጥቁን፣ የተሸረፈውን ድንጋይ ሁሉ ነጥብ በነጥብ አንስቶ ይሰጠናል። እኛ ደግሞ በነጥቦቹ ላይ ሕንፃውን ኮምፒዩተር ውስጥ መልሰን እንገነባዋለን። ሞዴል የሚባለው እሱ ነው። ጠጋኞቹ የቱ ጋ ይደገፍ፣ የቱ ድንጋይ ይውጣ የሚሉት ሞዴሉን አይተው ነው። ሞዴሉ ከዋሸ ግንቡ ሰው ላይ ይወርዳል።

ቱምቢንም ያወቅኩት በዚሁ ስካነር ነው። አሮጌው አዳራሽ ውስጥ መሣሪያዬን ተክዬ፣ ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ ገመድ ወጥሬ ስሠራ፣ ሥራ አዲስ የገባ አንድ ረጅም ሰው ገመዱን ዘሎ ዘው አይልም!

«አንተ ሰውዬ! ቁም! እንዳትንቀሳቀስ!»

ደርቆ ቀረ። አንድ እጁ ኮፍያው ላይ እንደሆነ ነው የቀረው።

«እስከ መቼ?» አለኝ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«እስኪጨርስ!»

«እግሬ ላይ ጉንዳን እየወጣ ነው እኮ።»

«ጉንዳኑንም አትንቀሳቀስ በለው!»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሱ ግን ጉንዳኑ እየበላው ንቅንቅ አላለም። የሚንቀሳቀስ ሰው ነጥቦቹ መሀል እንደ ጭስ ተበትኖ ነው የሚወጣው፤ ቱምቢ ግን ከነኮፍያው፣ ከነዓይኑ ሐውልት ሆኖ ወጣ። ማጥፋት ነበረብኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ሳላጠፋው ቆየሁ፤ ሰው ሲገባ ስክሪኑን አዞራለሁ፣ ሲወጣ መልሼ አየዋለሁ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል። ምሳ አብረን፣ ታክሲ አብረን፣ ዝናብ ሲመታንም አብረን። ወደድኩት፤ ልቤ ጥፍት እስኪል ወደድኩት። የኮምፒዩተሬን ፓስወርድ ሳይቀር ሰጠሁት። ዛሬ እህቶቼን የምመክረው፣ ልባችሁን ለፈለጋችሁት ስጡ፣ ፓስወርድ ግን ወዲያ በሉ እያልኩ ነው።

የአዳራሹ አንዱ ግድግዳ ሆዱ ወጥቶ ወደ ውጭ አዝምሞ ነበር። እኔም እንዳለ፣ ከነሆዱ ሠራሁት። ሥራው ለአለቃ በሚቀርብበት ጠዋት ቱምቢ እየሳቀ «ሥራሽን ትንሽ አሳምሬልሻለሁ» አለኝ። ሽፋኑን አስተካክሎ መሰለኝና አመሰገንኩት። አመሰገንኩት እኮ ነው የምላችሁ!

ያሳመረው ግድግዳውን ነበር። አንዲት ጠቅታ ናት። ፕሮግራሙ የተሠራው ለአዲስ ሕንፃ ስለሆነ ግድግዳ ሁሉ ቀጥ ያለ ይመስለዋል፤ ይቅና ካሉት በደስታ ያቃናል። ቱምቢ ደግሞ ስካነሩ የተሳሳተ መስሎት፣ አለቃ ፊት እንዳላፍር ብሎ፣ ሊያስደስተኝ ብሎ! እንዲህ ያለውን ደስታ ለጠላቴም አልመኝም።

ግድግዳው ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀጥ ያለ ግድግዳ ድጋፍ አያሻውም ተባለ። ጣሪያውን ለማውረድ ግንበኞቹ ሊወጡ ሲሉ አለቃቸው «የለካችው ልጄ ናት፤ እኔ ልቅደም» አለና ቀድሞ ወጣ። የግንበኞቹ አለቃ አባቴ ነው።

ግድግዳው ተናደ። አባቴ እግሩ ተሰበረ፤ ዛሬም ያለ ከዘራ አይራመድም።

በመሥሪያ ቤቱ የስብሰባ ክፍል ስብሰባ ተጠራ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የቱምቢ አጎት ናቸው። አሳድገው፣ አስተምረው፣ ሥራ ያስገቡት እሳቸው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «ማን ነው ይሄን የሠራው?» አሉ። ፋይሉ ላይ ያለው የኔ ስም ነው።

«እኔ አዝምሜ ነው የሠራሁት!» አልኩ። ማንም አላመነኝም። ቱምቢን አየሁት፤ እሱ ጫማውን ያያል። አጎቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው፣ ይሉኝታ አፉን ለጉሞት፣ ጫማውን ያያል።

ተባረርኩ። ያንገበገበኝ ግን መባረሩ አይደለም፣ አባቴ ነው። ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ፣ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ «ሰው ይሳሳታል፣ ልጄ። ይቅር ብዬሻለሁ» አለኝ። ያላጠፋሁትን ይቅር አለኝ! «አባዬ፣ እኔ አይደለሁም» ስለው «እሺ፣ እሺ» ይለኛል፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ከዚያ ወዲህ እግሩን ባመመው ቁጥር እኔን ሲያይ ሕመሙን ዋጥ ያደርጋል፣ እንዳይከፋኝ ብሎ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ይቅርታ አንጀቴን አሳረረው።

ቱምቢ ኋላ ላይ ቤታችን መጥቶ አንኳኩቷል። አልከፈትኩለትም። መናገር የነበረበት እዚያ ስብሰባ ላይ እንጂ የኔ ደጃፍ ላይ አልነበረም። በሩን ተደግፌ ማልኩ፤ አንድ ቀን እሱም እዚያው ቦታ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት ቆሞ «እኔ አዝምሜ ነው የሠራሁት» ይላል፤ የሚያምነው ያጣል፤ ያኔ እኔ ጫማዬን አያለሁ። ከዚያ በኋላ እውነቱን ለአባቴ እነግረዋለሁ።

ጊዜ ዞረ። ሌላ ድርጅት ተቀጥሬ ስም አወጣሁ፤ የሌላውን ሰው ሞዴል የማጣራ ሆንኩ። ያ የድሮ መሥሪያ ቤቴ የማማውን ሞዴል አጣሩልን ብሎ ላከ። የሠራው ቱምቢ። የሚፈርሙት ጋሼ። ማማው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ግንበኞቹን የሚያዘው ደግሞ አባቴ፤ እግሩ ቢሰበርም አፉ አልተሰበረም፣ ከተቀመጠበት ሆኖ ይጮህባቸዋል። ፈጣሪዬ፣ ያልጠየቅኩህን ሁሉ ጨምረህ ሰጠኸኝ አልኩ።

ጥፋት ፍለጋ ገባሁ። ሞዴሉን ፎቅ በፎቅ፣ ድንጋይ በድንጋይ በረበርኩት። የለም። ማማው በአንድ ጎኑ ያዘማል፤ እሱም አዝምሞ አስቀምጦታል። ደረጃው መሀሉ ተበልቷል፤ እንደተበላ አለ። ስካነሩ ያነሳውን እንደገና ወጥቶ በእጁ ለክቶታል። ጥፋት አጣሁበት፤ ጥፋት ማጣት ደግሞ እንዴት እንደሚያበግን!

አብረን ወደ ላይ ወጣን። ደረጃው ጠባብ ነው፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

«ይሄን መስኮት ለምን ደግመህ ለካኸው?»

«ስካነሩ ጠማማ ነው አለኝ። እውነት ጠማማ መሆኑን በዓይኔ ላየው ብዬ ነው።»

«ድሮ እንዲህ አትጨነቅም ነበር።»

ዞር አለ። መስኮቱ የሚያስገባው ብርሃን ግማሽ ፊቱ ላይ ነበር። «ድሮ...» ብሎ ጀመረ፣ «ስለ ድሮው ነገር ልንገርሽ የምፈልገው...»

«ሥራ ላይ ነን» አልኩት።

ፊቱን መልሶ መውጣቱን ቀጠለ። እኔም ተከተልኩት። ከዚያ አንድ የላላ ደረጃ ስረግጥ ተንገዳገድኩና ክንዴን ያዘኝ፤ ያዘኝና ሳይለቀኝ ቆየ። ልቤ እንዴት እንደመታ ብነግራችሁ ታዝኑብኛላችሁ። አንቺ ከንቱ፣ የመጣሽው ለበቀል ነው እኮ አልኳት ልቤን። ልቤ ጆሮ የላትም።

አባቴ ደግሞ ይባስ ብሎ ወዶታል።

«ያን ልጅ ምን አድርጎሽ ነው እንዲህ የምታመናጭቂው?» አለኝ አንድ ቀን።

«ምንም።»

«ጠዋት ጠዋት ወንበሬን አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያደርግልኝ እሱ ነው። ማታም ደግፎ ታክሲ ያሳፍረኛል። ከሰው ልጅ ይልቅ የኔ ልጅ ነው የሚመስለው።»

ደሜ ፈላ! እግሩን ሰብሮ ወንበር ያወጣለታል። ይሄን የሰማሁ ጊዜ ቆርጬ ተነሣሁ። ጥፋት ከሌለው እኔው እሰጠዋለሁ አልኩ።

የማማው ሞዴል የሚቀርብበት ስብሰባ ነገ ሊሆን ዛሬ፣ ሞዴሉ የመጨረሻ ፊርማዬን እየጠበቀ እኔ ኮምፒዩተር ላይ ነበር። የምሳ ሰዓት ደረሰ።

«ምን ላምጣልሽ?» አለኝ ቱምቢ ጃኬቱን እያነሳ።

«ምንም አልፈልግም።»

«ቁርስም አልበላሽም እኮ።»

«ሂድ አልኩህ!»

ሄደ። በሩ እስኪዘጋ ጠበቅኩና ያዘመመውን የማማውን ጎን መረጥኩ። ትክክለኛውን ግልባጭ አስቀድሜ ፍላሽ ላይ አስቀርቼዋለሁ፤ እሱ እንዲወድቅ እንጂ ግንቡ ሰው ላይ እንዲወድቅ አልፈለግኩም። ከዚያ ያቺን ጠቅታ ጠቅ አደረግኳት። ማማው ቀጥ አለ። ፋይሉ ላይ ያለው የሱ ስም ነው። በሕይወቴ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም፤ እጄን እያጨበጨብኩ ወንበሬ ላይ ተሽከረከርኩ።

ተመለሰ። ዳቦና ሙዝ በወረቀት ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። «አትበይም ብዬ ነው፤ ግድ የለም፣ አትብይው» አለና ወደ ቦታው ሄደ። ጎመዠሁ፣ በላሁት።

በማግስቱ ያው የስብሰባ ክፍል፣ ያው ረጅም ጠረጴዛ። ጋሼ ጫፉ ላይ፣ አባቴ ከጎኔ ከዘራውን ጉልበቱ መሀል አቁሞ፣ ቱምቢ ከፊት ለፊቴ። ፕሮጀክተሩ በራ፤ ማማው ግድግዳው ላይ ወጣ።

«ቆይ፣ ቆይ!» አለ አባቴ ከዘራውን ቀስሮ። «ይሄ የኛ ማማ ነው?»

«ነዋ!» አሉ ጋሼ።

«የኛውማ ማማ እንደ ሰካራም አዝምሟል! ይሄ ሰላምታ ሊሰጥ የቆመ ወታደር ነው!»

ሰዎቹ ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም። መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና ስክሪኑን አዩ። «ማን ነው ይሄን የሠራው?» አሉ። ቃላቸው እንኳ አልተለወጠም።

ወንበሬን ጨበጥኩ። ቱምቢ ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ገባው። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ፣ አጣሁ። በል፣ በላት አልኩት በሆዴ። እኔ አዝምሜ ነው የሠራሁት በል። ለምናቸው፣ ተማጸናቸው፣ ላብህ ይምጣ!

ቱምቢ ተነሳ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ያቃናሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ስለ ድሮው ግድግዳ እንዲላት ስንት ዘመን የጠበቅኳት ቃል ናት! ተኝቼ ያለምኳት፣ መንገድ ላይ ብቻዬን ያወራኋት ቃል። በዚያው ቦታ፣ በነዚያው ሰዎች ፊት፣ ከራሱ አፍ ወጣች፤ እና ውሸት ሆና ወጣች። ዝም ብል በቀሌ ሞልቶልኛል። ጫማዬን ማየት ብቻ ነው የቀረኝ። አየሁም፤ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ።

አባቴ ከጎኔ ራሱን ነቀነቀ። «ሰው ይሳ...» ብሎ ሲጀምር ሰማሁት። ይቅር ሊለው ነው። እሱንም ባላጠፋው ይቅር ሊለው ነው!

«ውሸታም!» ብዬ ብድግ አልኩ። ወንበሬ ከኋላዬ ወደቀ። «ይሄን ያቃናሁት እኔ ነኝ! ትናንት፣ ምሳ ሊበላ ሲወጣ! እሱ አዝምሞ ነው የሠራው፤ ትክክለኛው ይኸውላችሁ!» ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «አንተ ያቃናኸው ሌላ ነው! የሰው ጥፋት ምን አሸከመህ? የራስህን ተናገር!»

ሰዎቹ ፍላሹን፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉት ጋሼ፣ ቀስ ብለው።

ቱምቢ አልተቀመጠም።

«ይቅርታ፣ ጋሼ። ያኔም ከስብሰባው በፊት እውነቱን ስነግርዎ፣ ተቀመጥ ብለውኝ ነው የተቀመጥኩት።»

ጋሼ ዓይናቸውን ሰበሩ። ቱምቢ ወደ አባቴ ዞረ።

«አባባ፣ የአዳራሹን ግድግዳ እሷ እንዳዘመመ ነው የሠራችው። ሳላስፈቅዳት ያቃናሁት እኔ ነኝ። እግርዎን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ፈራሁና ዝም አልኩ፤ ዝም ባልኩ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ። እሷ ናት የተቀጣችው፣ በኔ ፋንታ።»

አባቴ ከዘራውን ግጥም አድርጎ ያዘ። ይመታዋል ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ይምታው ብዬም ነበር። ጋሼ ግን ቀድመው ተነሡ። ወረቀታቸውን ሰበሰቡና «ሁለታችሁም ከማማው ሥራ ተነሥታችኋል» ብለው፣ ማንንም ሳያዩ ወጡ። ሰዎቹም አንድ ባንድ ተከተሏቸው። ሦስታችን ቀረን።

አባቴ ከዘራውን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ እንደ አዲስ፣ ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ አየኝ።

«አንቺ አይደለሽማ» አለ።

«አይደለሁም ብዬህ የለ?»

«ብለሽኛል። እኔም እሺ ብዬሻለሁ።» ድምፁ ተሰበረ። «ታዲያ ያንን ሁሉ ጊዜ ይቅርታዬን ምን አደረግሽው፣ ልጄ?»

«ምን አደርገዋለሁ? አቃጠለኝ!» አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። አላለቅስም ብዬ የማልኩትን ሁሉ አለቀስኩት።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ መዳፉን ዘረጋልኝ፣ ያበደረውን ዕቃ እንደሚቀበል ሰው።

«በይ መልሺልኝ። ባለቤቱ መጥቷል።»

«እንዲህ በቀላሉ? አባዬ፣ እግርህ እኮ ነው!»

«እግሬ ስለሆነ ነዋ! የምሰጠው እኔ ነኝ። ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ቱምቢ የቆመበት ላይ ዓይኑ ሞልቶ፣ ያ ሁልጊዜ ቀጥ የሚል ትከሻው ወርዶ ያየኛል። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። አሳዘነኝ፤ ስላሳዘነኝም ተናደድኩ።

«አንቺስ?» አለኝ።

«እኔ? እኔ አልምርህም።»

«እሺ።»

«ዛሬም፣ ነገም። አርጅቼ ጥርሴ ቢረግፍም አልምርህም።»

«ጥርስሽ እስኪረግፍ አጠገብሽ ሆኜ ልቀጣ ነው?»

«የት ልትሄድ ኖሯል ታዲያ?»

እጁን ያዝኩት። እንዲያመው ብዬ አጥብቄ ነው የያዝኩት።